የጥብስ ሽታ የማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1225 ላይ ስለ ጉርብትና አንድ ነገር ይላል። ጠቅለል ሲደረግ እንዲህ ነው፦ የራሴ ግቢ ነው ብለህ ጎረቤትህን አታውክ፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ ደስ የማይል ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት አትልቀቅበት። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ግን አንድ ልማድ ይጠናወተዋል፤ ደንብ ባነበበ ቁጥር ደንቡ ያላሰበውን ሁኔታ ይፈልጋል። እዚህም አንድ ቀዳዳ አለ። ሕጉ ደስ የማይለውን ሽታ አስቧል። ደስ ስለሚለው ሽታ ግን ዝም ብሏል።

ግቢው ውስጥ ላስቲክ ያቃጠለ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ ማንም ይስማማል። ቅዳሜ ከሰዓት የበግ ጎድን ፍም ላይ ዘርግቶ ሰፈሩን ያስጎመጀ ሰው ግን ማንንም አልበደለም፤ እንዲያውም "አቤት ሙያ!" ይባልለታል። እሺ፣ ከሁለቱ ሽታዎች ለራበው ሰው የትኛው ይከብዳል? ከላስቲኩ አፍንጫን ይዞ ዞር ማለት ይቻላል። ከጥብሱ ግን ዞር ማለት ከባድ ነው፤ አእምሮው "አይመለከተኝም" ሳይል በፊት አፉ ውሃ ሞልቷል። ሰውየው ያልጠየቀውን ፍላጎት እኛ ቀሰቀስንበት፤ ከዚያ በራችንን ዘግተን በላን።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ጥሩ ሽታ ዕዳ አለው ወይ? ካለውስ በምን ይከፈላል?

በክረምት የሚመጣ "በጋ"

ጥያቄው ከየት መጣ ካላችሁ ከስልክ ነው። ሰኔ ሲገባ ኢንስታግራሙም ቲክቶኩም በአንድ ዓይነት ምግብ ይሞላል፤ "ቀላል የሜዲትራኒያን ጥብስ ለበጋ" የሚሉት። በረንዳ ላይ ከሰል፣ ሽቦ ላይ የተሰካ ሥጋ፣ ሎሚ፣ የወይራ ዘይት፣ ከጎን ቲማቲምና ዱባ። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን ፊዱ አያውቅም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሐምሌ ላይ በረንዳችን ጭቃ ነው፣ ሰማዩ በረዶ ያዘንባል፣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ከሰሉን የሚፈልገው መጀመሪያ ለመሞቅ ነው።

ለምን ይዋሻል፣ ምግቡ ግን ይስማማናል። ዕቃውን ብትቆጥሩት አብዛኛው እዚሁ አለ። ሮዝሜሪ የሚሉት የእኛው የጥብስ ቅጠል ነው፤ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ታይም የሚሉት ቅጠል ዘመዱ በመንዝና በአንኮበር ደጋ ላይ በየሜዳው የሚበቅለው ጦስኝ ነው፤ ሻይ ውስጥ እንጂ ሥጋ ላይ አላስለመድነውም እንጂ። የወይራ ዘይቱ ደግሞ ይገርማል። የሜዲትራኒያን ወይራና የእኛ ወይራ የአንድ ዝርያ ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ናቸው። እነሱ ፍሬውን ጨመቁ፣ እኛ እንጨቱን አጤስን፤ የወተቱን ዕቃና የጠላውን ጋን ያጠንንበት። ዘይቱ ውድ ስለሆነ ያለውን ዘይት መጠቀም ነው። ሥጋው በቀጭኑ ይዘለዘላል፤ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጨውና በጥቂት ጦስኝ አንድ ሰዓት ይቆያል። ከሰሉ መንደድ አቁሞ ነጭ አመድ ሲለብስ ሽቦው ላይ ይዘረጋል። በቃ። የመንዝ በግ ከሆነ ደግሞ ከላቱ ጥቂት ይጨመራል፤ ስቡ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሳው ጭስ ነው እንግዲህ አጥር ተሻግሮ የሚሄደው።

"ቀላል" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ። ለአሁኑ አንድ ነገር ልበል። ዛሬ ዓለም "የሜዲትራኒያን አመጋገብ" እያለ የሚያደንቀው ነገር የታወቀው አሜሪካዊው አንሴል ኪስ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በሰባት አገሮች ባካሄደው ጥናት ነው፤ ከተጠኑት መካከል የግሪኳ ደሴት ቀርጤስ ነበረች። የቀርጤስ ገበሬ ብዙ ሥጋ የማይበላው ግን የጤና ምክር ሰምቶ አልነበረም። አንደኛ ድሃ ነበር፤ ሁለተኛ እንደኛው የኦርቶዶክስ ጾም ነበረበት። ሌላንድ ኦልባው የተባለ ሌላ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው የቀርጤስ ጥናት ሰዎቹ ምግባቸውን ለማሻሻል ምን እንደሚመኙ ሲጠየቁ አብዛኞቹ የጠሩት ሥጋን ነው። አንዱ ያጣውን ሌላው ስልት አድርጎ ይለብሰዋል ማለት ነው። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ግን "ቀላል ምግብ" ስንል ለማን ቀላል እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

ጭሱ ለአማልክት፣ ሥጋው ለእኛ

ስለ ጥብስ ጭስ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ተከራክሯል። ሄሲዮድ የተባለው የግሪክ ባለቅኔ በሚተርከው ታሪክ ፕሮሜቴዎስ አንድ በሬ ለሁለት ከፈለ፤ አጥንቱን በሚያብረቀርቅ ስብ ሸፈነው፣ ሥጋውን በጨጓራ ደበቀው፤ ከዚያም ዜኡስን "ምረጥ" አለው። ዜኡስ ስቡን መረጠ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች አጥንቱንና ስቡን ለአማልክት ያቃጥላሉ፣ ሥጋውን ራሳቸው ይበላሉ። አማልክቱ የሚደርሳቸው ጭሱ ነው። ይህን ሳነብ የኪራይ ግቢዎቻችን ትዝ አሉኝ። በአንድ ግቢ ስድስት ሰባት በር አለ፤ አንዱ በር ሲጠብስ የቀሩት የአማልክቱን ድርሻ ያገኛሉ። ልዩነቱ አማልክት አይርባቸውም።

ሁለተኛው ታሪክ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ራብሌ እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ተመሳሳዩ በብዙ አገር ይነገራል። አንድ ተሸካሚ ፓሪስ ውስጥ በአንድ ሥጋ ጠባሽ ሱቅ ፊት ቆሞ ደረቅ ዳቦውን በጥብሱ ጭስ እያጠነ ይበላል። በልቶ ሲጨርስ ጠባሹ አንገቱን ይዞ "የጭሱን ክፈል!" ይለዋል። ተጣሉ። በአካባቢው የታወቀ አንድ ሞኝ ዳኛ ሆኖ ተጠራ። ሞኙ ከተሸካሚው ሳንቲም ተቀበለ፣ መልካምነቱን መረመረ፣ ጠረጴዛው ላይ ደጋግሞ አንኳኳው፣ ከዚያ ፈረደ፦ "ዳቦውን በጭስህ የበላው ሰው በሳንቲሙ ድምፅ ከፍሎሃል።"

ሁላችንም እንስቃለን፤ ፍርዱም ልክ ነው። ግን ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ከሳሹ ጠባሹ ነው። ታሪኩ የሚጠይቀው "ያሸተተ ይክፈል ወይ?" ብሎ ነው። ተሸካሚው ለምን ዳቦ ብቻ ይዞ እንደቆመ የሚጠይቅ የለም። ታሪኩ እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ክርክሩ የሚገለበጥ ይመስለኛል። እናቶቻችን የሚፈርዱት ያሸተተው ላይ ሳይሆን ያሸተተው ላይ፣ ማለቴ ሽታውን በለቀቀው ላይ ነው። (አማርኛ እዚህ ላይ ይገርማል፤ "ሸተተ" እና "አሸተተ" ተጠጋግተው ሰጪና ተቀባዩን ሊያምታቱ ይደርሳሉ።) "አሽትተሽው ሳትቀምሺ እንዴት ትሄጃለሽ?" የሚለው ንግግር ዕዳው የማን እንደሆነ ገና ድሮ የወሰነ ነው።

የእኛ ሁለት ልማዶች

የእኛን ወግ ግን ከልክ በላይ ላሞግሰው አልፈልግም፤ ምክንያቱም ሁለት ተቃራኒ ልማዶች አብረው ይኖሩበታል።

አንደኛው "እንብላ" ነው። የሚበላ ሰው መንገደኛ ሲያይ "እንብላ" ይላል፤ መንገደኛው "ይባረክ" ብሎ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ማንም አይቀመጥም፤ ሁለቱም ያውቁታል። ታዲያ ለምን ይባላል? በእኔ ሙያ ሁለት ኮምፒውተሮች ምንም ውሂብ ሳይለዋወጡ አስቀድመው "አለህ?" "አለሁ" ይባባላሉ። "እንብላ" እንደዚያ ነው። ሥጋ ከማስተላለፉ በፊት አንድ ነገር ያስተላልፋል፦ አይቼሃለሁ፣ ከቆጠርኳቸው ውስጥ ነህ። ነፍሰ ጡር ሴት ሽታው ከደረሳት ደግሞ ቃል ብቻ አይበቃም፤ ትንሽም ብትሆን ይወሰድላታል። አምሮቷ ካልወጣላት እሷንም ፅንሱንም ይጎዳል ተብሎ ይታመናል። እምነቱን ሳይንስ ይቀበለው አይቀበለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሥራው ግን ግልጽ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ምግብ ከሁሉም በላይ ለሚያስፈልጋት ሰው፣ ሳትጠይቅና ሳታፍር፣ ሽታው ራሱ ጠያቂ እንዲሆንላት ያደርጋል።

ሁለተኛው ልማድ መጋረጃው ነው። ነገሥታቱ ተጋርደው ይበሉ ነበር። ዛሬም ጥሬ ሥጋ ሲቆረጥ በር የሚዘጋ፣ ምግብ በዓይን ይጎዳል ብሎ ፊቱን የሚያዞር ብዙ ነው። የዚህ ልማድ ምንጩ ለራበው ማዘን አይደለም፤ የራበውን ዓይን መፍራት ነው። ሳስበው ግን ፍርሃቱ ውስጥ አንድ እውነት ተደብቋል። ሰው የሌለውን ሰው ዓይን የሚፈራው ውስጡ "ይህ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር አለ" ስለሚለው ነው። ምንም ዕዳ የለብኝም ብሎ በእርግጥ የሚያምን ሰው መጋረጃ አያስፈልገውም።

በሁለቱ መካከል ቅርጫ አለ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋው በእኩል መደብ ይደለደላል። ጮማው፣ ጉበቱ፣ ጎድኑ ለሁሉም መደብ ይዳረሳል። ከዚያ ዕጣ። እያንዳንዱ ባለድርሻ እንጨት ወይም ቅጠል ወይም ጠጠር ምልክት አድርጎ ይሰጣል፤ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ምልክቶቹን መደቦቹ ላይ ያስቀምጣል። የሚያከፋፍለው ሰው የትኛው መደብ የእሱ እንደሚሆን ስለማያውቅ ሁሉንም አስተካክሎ ይመድባል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ፍትሐዊ ማኅበረሰብ ማለት በውስጡ የት ቦታ ላይ እንደምትወለድ ሳታውቅ ደንቡን ብታወጣ የምትመርጠው ነው ይላል። የሰፈር ሉካንዳ የማያውቀው አሳብ አይደለም። ነገር ግን ቅርጫም ወሰን አለው፤ እኩልነቱ ባዋጡት መካከል ነው። ሊያዋጣ ያልቻለው ጎረቤት በዕጣው ውስጥ የለም። እሱ ጋ የሚደርሰው ማታ የሚነሳው ጭስ ነው።

ሳህኑ የማይሻገርበት አጥር

እስካሁን ያልኩት "ያሸተተ ይቅመስ" ወደሚል ቀላል መልስ የሚወስድ ይመስላል። ሰሜን ሸዋ ግን ይህን መልስ ያወሳስበዋል።

አንደኛ ጾሙ አለ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከሉ ያለው 26 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲቀነሱ እንደ ዓመቱ 18 ወይም 19 ቀን ይቀራል። ፊዱ "የሦስት ወር የጥብስ ወቅት" ሲለን በቀን መቁጠሪያችን ነሐሴ 16 እስኪደርስ ያለን ያ ብቻ ነው። የማይጾም ሰው በፍልሰታ ሱባኤ ላይ ቢጠብስ መብቱ ነው። ግን ለጾመኛው ጎረቤት "ቅመሱ" ብሎ ሳህን መላክ ደግነት ሳይሆን ፈተና ይሆናል።

ሁለተኛ ሃይማኖቱ አለ። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ስትወርዱ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራውና አርጎባው ለዘመናት አብረው የተገበያዩበት አገር ነው። ገበያው አንድ ነው፤ እርዱ ግን ሁለት ነው። አንዱ ባረደው ሌላው አይበላም። ሽታው ይሻገራል፣ ሳህኑ አይሻገርም። ታዲያ ይህን የሚያህል ጊዜ እንዴት በጉርብትና ኖሩ? መልሱን ሠርግ ላይ ታዩታላችሁ። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ለይቶ፣ ሙስሊም አራጅና ምግብ ሠሪ ጠርቶ፣ ዕቃውንም ለይቶ ያዘጋጃል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። የራስህን ምግብ ማካፈል ይቀላል። ከባዱ ሌላው ሰው ሊበላው የሚችለውን፣ አንተ የማትበላውን፣ በአንተ ወጪ ማዘጋጀት ነው።

ይህ ስለ ዕዳው ምን ይነግረናል? ዕዳው በሥጋ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ለጾመኛውና ለሙስሊሙ ጎረቤት ልንከፍለው የማንችል በሆነ ነበር። ግን ስንከፍለው ኖረናል። ስለዚህ የሽታው ዕዳ ሥጋ አይደለም ማለት ነው። ዕዳው ሽታው የደረሰውን ሰው ማወቅ፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ ማወቅ፣ ያንንም አስቦ ቦታ ማዘጋጀት ነው። ሥጋው አንዱ የመክፈያ መንገድ ብቻ ነው።

መስኮቱን መዝጋትስ?

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ጓደኛዬ የሚለውን እሰማዋለሁ። "እሺ፣ ሽታ ከሆነ ችግሩ በኤሌክትሪክ ምድጃ ጠብሼ መስኮቴን እዘጋለሁ። ሽታ የለ፣ ዕዳ የለ።"

ካንት ይህን የሚደግፍ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1798 ባሳተመው ስለ ሰው ልጅ በሚያትተው መጽሐፉ፣ ማሽተት ከመቅመስ ይልቅ ነፃነትን ይጋፋል ይላል፤ ማዕድ ላይ የተቀመጠ የሚቀምሰውን ይመርጣል፣ ሽታ ግን ወደድክም ጠላህም ይገባብሃል። በዚህ ዓይን መስኮት መዝጋት የሌላውን ነፃነት ማክበር ነው። ግን ይኸው ካንት በዚያው መጽሐፍ ብቻውን የሚበላ ፈላስፋ ጤናውን ይጎዳል ይላል፤ ራሱም ምሳውን ከእንግዶች ጋር ነበር የሚበላው። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" የሚለውን ተረታችንን ቢሰማ የሚስማማ ይመስለኛል።

የመስኮቱን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ዕዳዎችን መለየት ያስፈልጋል። ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1972 የምሥራቅ ቤንጋልን ስደተኞች አስመልክቶ ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ፣ ሰውን የመርዳት ግዴታችን በርቀት አይቀንስም ይላል፤ አጠገብህ ኩሬ ውስጥ የሚሰምጥ ሕፃንና ባሕር ማዶ የሚራብ ሕፃን ለሕሊና እኩል ናቸው። ይህ አንደኛው ዕዳ ነው፤ ከሌላው ሰው ችግር የሚነሳ። ሁለተኛው ዕዳ ግን የሚነሳው ከእኔ ድርጊት ነው፤ እኔ አንድ ነገር አደረግሁ፣ ያም ነገር እሱ ጋ ደርሶ ነካው። የሽታ ዕዳ ከዚህኛው ወገን ነው። ነፋስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ከነፈሰ ይህ ዕዳ ላይኖር ይችላል። የመጀመሪያው ግን በነፋስ አይወሰንም።

መስኮት መዝጋት ሁለተኛውን ዕዳ ይሰርዛል። እስከዚህ ጓደኛዬ ልክ ነው፤ እንዲያውም በፍልሰታ ሱባኤ ላይ መስኮት መዝጋት ትልቅ ጨዋነት ነው። አደጋው ሌላ ነው። ሁለተኛውን ስንሰርዝ የመጀመሪያውም የተሰረዘ መስሎ ይሰማናል። ሽታው ባይደርሰውም ሰውየው ርቦታል።

ይህ ደብረ ብርሃን ውስጥ የመማሪያ ክፍል ጥያቄ አይደለም። ከተማችን ከወለጋና ከሌሎች ቦታዎች የተፈናቀሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተጠለሉባት ናት። ቻይና ካምፕ የሚባለውን መጠለያ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ብዙዎቹ ትናንት ራሳቸው በግ የሚያርዱ፣ "እንብላ" የሚሉ ገበሬዎች ነበሩ። የእኔ የቅዳሜ ጥብስ ሽታ እነሱ ጋ አይደርስም፤ ሰፈሬ ሩቅ ነው። በሁለተኛው ዕዳ ሕግ ነፃ ነኝ። በመጀመሪያው አይደለሁም። ሁለቱን ያልለየ ሰው ወይ ለግቢው ጎረቤት ሁለት ቁራጭ ሰጥቶ ግዴታዬን ጨረስኩ ይላል፣ ወይ ደግሞ የዓለም ችግር ሁሉ ጫንቃዬ ላይ ነው ብሎ ጥብሱንም ጎረቤቱንም ይተዋል። ለጎረቤቱ ሳህን ይበቃል። ለካምፑ ሳህን አይበቃም፤ እዚያ የሚያስፈልገው በየወሩ የሚቆረጥ መዋጮ፣ የሥራ ዕድል፣ ወደ ቀያቸው የሚመለሱበትን ሰላም የሚጠይቅ ድምፅ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ፎቶው

ሽታ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ወሰን አለው። ቢበዛ የሰፈሩ ጫፍ ድረስ ነው። የደረሳቸውን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ "እንብላ" ብል ይሰሙኛል። ፎቶ ግን አጥር የለውም። የጥብሴን ፎቶ ስለጥፍ የሚያየውን አላውቅም፤ ያየውም እኔን አልፈለገም፣ ፊዱ ነው ያመጣበት። ካንት ስለ ሽታ ያለው ዛሬ ለምስል ሠርቷል። በዚያ ላይ ከጽሑፉ በታች "እንብላ" ብዬ ብጽፍ ቃሉ ሥራውን አይሠራም፤ ማንም "እሺ" ብሎ ሊቀመጥ አይችልማ።

ፎቶ አትለጥፉ እያልኩ አይደለም። እኔም ጦስኙን ከማን እንደተማርኩ ታስታውሳላችሁ፤ ከስልክ ነው ጥብሱን ያገኘሁት። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ሽታ ያስተማረንን ልማድ ፎቶው በራሱ አያስተምረንም። ሽታ ከጎረቤት ጋር አስተዋውቆናል። ፎቶ የሚያስተዋውቀን ከተመልካች ጋር ነው። ተመልካች ደግሞ አይርበውም ብለን እንገምታለን፤ ስላላየነው ብቻ።

"ቀላል" ማለት

ወደዚያች ቃል ልመለስ። የምግብ ገጾቹ "ቀላል" የሚሉት የዕቃው ብዛት ሲያንስና ሰዓቱ ሲያጥር ነው፤ አምስት ነገር፣ ሠላሳ ደቂቃ። እኔ ሌላ መለኪያ አለኝ። ቀላል ምግብ ማለት ሽታው ከሚደርሳቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ያለ ሰበብ ሊበሉት የሚችሉት ነው።

በዚህ መለኪያ የክረምቱ ጥብስ ንጉሥ በግ አይደለም፤ በቆሎ ነው። ክረምቱ ሲገፋ ከቆላው የሚመጣው የበቆሎ እሸት በየመንገዱ ዳር ከሰል ላይ ይገለበጣል። ጾመኛው ይበላዋል፣ ሙስሊሙ ይበላዋል፣ ሕፃኑ ይበላዋል፣ ነፍሰ ጡሯ አምሮቷ ይወጣላታል። ደጋ የሚበቅለው ድንችም አለ፤ ከነልጣጩ ፍም ውስጥ ተቀብሮ፣ ተልጦ፣ ሎሚና ጨው፣ ትንሽ ዘይትና ያቺው ጦስኝ። ይህም እኮ የሜዲትራኒያን ምግብ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የሜዲትራኒያንን አመጋገብ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሲያሰፍር ከምግቡ ዓይነት እኩል ትልቅ ቦታ የሰጠው አብሮ መብላትን ነው።

በግ አትጥበሱ አላልኩም። ባገኘሁ ቀን እጠብሳለሁ፤ ደስ እያለኝ እበላለሁ። ፍሙ ዳር ግን አምስት ስድስት ድንች መቅበር ምንም አይከብድም፤ ከሰሉ እንደሆነ አንዴ ተቀጣጥሏል። በጉ የማይሻገርበትን በር ድንቹ ይሻገራል። የተላከውም ሰው አይሸማቀቅም፤ ድንች ምጽዋት አይመስልም። ሳህኑ ነገ ቆሎ ይዞ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል።

እንግዲህ ይህን የምታነቡት ሐምሌ ላይ ከሆነ 18 ወይም 19 ቀን አላችሁ። ከሰሉን ከማቀጣጠላችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ስንት በር እንዳለ ቁጠሩ፤ ከየበሩ ጀርባ ማን እንዳለ፣ ምን እንደሚበላ የማታውቁት ካለ ደግሞ ሄዳችሁ አንኳኩ።